በሰው አገር በዓል የእንግዳ ድርሻ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አላችሁ? ወላጆች፣ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ሻንጣችሁን ለማሰር የምትጠባበቁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ «ተማሪ በሰው አገር በዓል ሲመጣበት ምን ይሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከወላጆች እንደመጣ ነግረውኛል፤ አልገረመኝም። እናት ልጇን ስትሸኝ ስለ ብርዱም ስለ ትምህርቱም ትጨነቃለች፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ግን የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ቀን ነው። «ያን ዕለት ልጄ ማን ቤት ይውል ይሆን?» ትላለች።

እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በሰው አገር ሆነን ስለምንናፍቀው የራሳችን በዓል አይደለም። እሱን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። የምናገረው ስለ አስተናጋጆቻችሁ ብሔራዊ በዓል ነው። ያደራችሁበት ቤት ሰው ሁሉ በጠዋት ተነሥቶ የክት ልብሱን ሲለብስ፣ ባንዲራው ሲወጣ፣ አያቱም ልጁም ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር፣ ታሪኩም ባንዲራውም የእናንተ ሳይሆን እናንተ የት ትቆማላችሁ? እኔ በዚያ ቦታ ቆሜያለሁ፤ በጣም ደስ ብሎኝም ነው የቆምኩት። ደስታዬም የመጣው ያ ቤተሰብ ከበዓሉ ሥራ ቆርሶ ስለሰጠኝ ነው። እንግዳ የቤት ሰው የሚሆነው በበዓሉ ውስጥ ድርሻ ሲኖረው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ጎጃም ይህን ነገር ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ቅኔ ፍለጋ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የሚነሣ ልጅ መድረሻው ይኸው አገር ነበር፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የወለደችው እናት በሩቅ አገር «ልጄ ምን በልቶ አደረ?» እያለች ስትጨነቅ፣ የዲማ እናት ቁራሽ ይዛ ትወጣለታለች። ይህን እናውቃለን፤ እንኮራበታለንም። እምብዛም የማናነሣው ግን በበዓል ቀን የሚሆነውን ነው። የኔታ የፈቀዱለት፣ ለመቀኘት የደረሰ ተማሪ በንግሡ ዕለት በሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ቅኔውን ያቀርባል። ያን ጊዜ የሚመረመረው ቅኔው ነው እንጂ የልጁ አገር አይደለም። ትናንት በየደጁ ቁራሽ ሲቀበል የነበረ ልጅ ዛሬ ለበዓሉ ይሰጣል፤ የአገሩ ሰውም ቆሞ ይሰማዋል። ከዚህ የበለጠ የእንግዳ አቀባበል እኔ አላውቅም። ለዚህ ነው ኖርዌይ ስሄድ ያየሁት ነገር ያልጠፋኝ።

የተማርኩት ከኦስሎ በስተደቡብ ባለች ኦስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የግብርና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ አለባት፤ ዙሪያዋን እርሻና ደን ነው፤ ለጎጃም ሰው ዓይን እንግዳ አትሆንም። የተቀመጥኩት ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አረጋዊት አያት ባሉበት ቤት ነበር። ስማቸውን አልጠራም። አያቲቱን ግን ያን ጊዜም እማማ እላት ስለነበር ዛሬም እንዲሁ ልበላት።

የእነሱ ታላቅ በዓል በእነሱ ሜይ 17፣ በእኛ ግንቦት 9 ነው። እናቶች ስለ ጾም መጠየቃችሁ አይቀርምና እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ ስለማይውል ግንቦት 9 ሁልጊዜ በዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው። ዕንቁላሉንም ቅቤውንም አብሬያቸው በልቻለሁ።

ታሪኩን ሳያውቅ ሰልፉን ብቻ የሚያይ ሰው የበዓሉ ግማሽ ያመልጠዋል። ኖርዌይ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ከ400 ዓመት በላይ ኖራለች። ዴንማርክ ከናፖሊዮን ጋር ወግና በመሸነፏ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1814 በተፈረመው የኪል ውል ኖርዌይ ለስዊድን ንጉሥ ተሰጠች። የአገሩን ሰው የጠየቀው አልነበረም። በዚያው ዓመት የበረዶው ወራት ሲያልፍ 112 ሰዎች ኤይድስቮል በሚባል ስፍራ፣ በአንድ ትልቅ የእንጨት ቤት ተሰብስበው በአምስት ሳምንት ገደማ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ከእነዚህ ውስጥ 37ቱ ገበሬዎች ነበሩ። ሜይ 17 ቀን ፈረሙ፤ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1806 መሆኑ ነው። የልባቸው ግን ወዲያው አልደረሰም። በዚያው ዓመት ከስዊድን ጋር ተዋግተው ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ለመግባት ተገደዱ፤ ሕገ መንግሥታቸውን ግን አስከበሩ። ፈጽመው የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ማክበር ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1829 በዚያው ዕለት በዋና ከተማዋ አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፈረሰኛ ጦር በትኖታል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 በዋና ከተማዋ ወንዶች ልጆች ባንዲራ ይዘው ተሰልፈው ወጡ። በ1889 ሴቶች ልጆችም ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ የልጆች ሆነ። በብዙ አገር ብሔራዊ በዓል ሲባል ታንክ ይነዳል፣ ሚሳይል ይታያል። እዚያ የቀኑ ባለቤቶች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ኦስሎ ላይ ንጉሡና ቤተሰቡ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ለሰዓታት ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ልጆቹ በፊታቸው ያልፋሉ። ንጉሥ ቆሞ ልጅ የሚያልፍበት ሰልፍ ነው። አስቡት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ትልቁ ልጅ በትምህርት ቤቱ የማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋል። ገና በረዶው ሳይቀልጥ ጀምሮ ማታ ማታ ምድር ቤት ወርዶ ይለማመዳል፤ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ስሕተት፣ ደግሞ ያንኑ ዜማ። ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው «በቃህ» ብሎት አያውቅም። በዓሉ ሲቃረብ እማማ የብር ጌጦቿን አውጥታ ትወለውል ጀመር። እነሱ በየአውራጃው የተለያየ የክት ልብስ አላቸው፤ ቀለሙ፣ ጥልፉ፣ የብር ማያያዣው ሁሉ ባለቤቱ የየት አገር ዘር እንደሆነ ይናገራል። የእማማን ቀሚስ ጥልፍ የሠራችው ራሷ ናት፤ በብዙ ክረምት፣ በትርፍ ጊዜዋ። እኔም እናቴ የፈተለችውን፣ ደብረ ማርቆስ የተሸመነውን ቀሚሴንና ነጠላዬን አወጣሁ። እማማ ጥለቱን በጣቶቿ እያስኬደች ለረጅም ጊዜ አየችው። ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ጠየቀችኝ። የጥልፍ ሰው የጥልፍን ድካም ያውቃልና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ለበዓሉ እሱን ልበሺ» አለችኝ።

ሥራ የተሰጠኝም በዚያው ሳምንት ነው። በዚያ አገር ሰልፉ ሲያልቅ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤታቸው ግቢ ይመለሳሉ፤ የሚበላውን የሚጠጣውን፣ ጨዋታውን፣ ጽዳቱን ሁሉ የሚያሰናዱት የየክፍሉ ወላጆች ናቸው። ማንም አይከፈላቸውም፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለልጆቹ ክፍል ወይም ለባንዱ ይውላል። በእኛ ደቦና ወንፈል ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቤቱ እናት የሥራ ድልድሉን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስሞቹን እያነበበች ሳለች ቀና ብላ «አንቺስ? ቡናው ላይ ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ? የሚጋገርስ ምን ታመጫለሽ?» አለችኝ። «መጥተሽ እዪ» አላለችኝም። የእኔን ስም ከእሷ ስም ቀጥሎ ጻፈችው።

ድፎ ዳቦ አመጣለሁ አልኩ። ኮባ ከየት ይመጣል! የመጋገሪያ ወረቀት አነጠፍን። ጥቁር አዝሙድ ከቤት ይዤ ሄጄ ነበር። በዋዜማው ሊጡን ከእማማ ጋር ሆነን አቦካን፤ እጇ ከእኔ ይጠነክር ነበር። ሌሊቱን ኩፍ ብሎ አደረ።

የግንቦት 9 ጠዋት። በሁለት ሰዓት፣ በፈረንጅ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ባንዲራው ይሰቀላል። ትንሹ ልጅ ገመዱን ሲስብ አባቱ የባንዲራውን ጫፍ መሬት እንዳይነካ በክንዱ ይዞ ቆሞ ነበር። ቁርሱ ሰፊ ነው፤ ዳቦ፣ ዕንቁላል፣ ጭስ የጠገበ ዓሣ። ሰው ሁሉ ልደቱ እንደሆነ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይባባላል። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድን። እዚያ በጀርመን ወረራ ጊዜ የሞቱ የአካባቢው ሰዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ፣ አጭር ንግግር ተደረገ፣ ባንዱ መዝሙር አሰማ፣ ዝም ተባለ። ረጅም አልነበረም። እማማ ግን ሌላው ሰው ሲበተን ትንሽ ዘግይታ ቀረች፤ እኔም አብሬያት ቀረሁ።

ሰልፉ ከፊት ባንዱን አስቀድሞ ተነሣ። ክፍል በክፍል፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ዓርማ ይዞ፤ ትንንሾቹ የአስተማሪያቸውን እጅ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ከራሳቸው የሚበልጥ የሚመስል ባንዲራ ያውለበልባሉ። ግራና ቀኝ የቆመው አዋቂ «ሁራ!» እያለ ይመልስላቸዋል። በሰልፉ ውስጥ ወላጆቻቸው ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከፓኪስታን፣ ከእኛም አገር የመጡ ልጆች ነበሩ። በአንድ ረድፍ፣ በአንድ እርምጃ ይሄዱ ነበር። ይህ ግን እንዲሁ በቀላሉ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 የኦስሎን የበዓል ኮሚቴ እንድትመራ የተመረጠችው ሩቢና ራና የተወለደችው ፓኪስታን ነበር። የሞት ዛቻ ደረሳት። እሷ ግን ቀኑ ሲደርስ ከሰልፉ ፊት ቆማ መራችው። የቤቱ አባት ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። «በዓላችንን ጠበቀችልን» አለኝ።

በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የሆነውን ልጆቹ ራሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻል ነበር፤ የጆንያ ሩጫ፣ ዕንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ፣ እስኪበቃቸው አይስክሬም። ከቋሊማው ውስጥ የአሳማ ሥጋ የሌለበት ለብቻው ተቀምጦ ነበር፤ የቤቱ እናት ሳልጠይቃት አስባበት ነው የገዛችው። እኔ ከቡናው ጠረጴዛ ጀርባ ነበርኩ። ያችን ቦታ ለምን እንደሰጠችኝ የገባኝ እዚያ ከቆምኩ በኋላ ነው። ቡና የማይጠጣ ሰው የለም። የከተማው ሰው ሁሉ በፊቴ አለፈ። እየቀዳሁ ስሜን ይጠይቁኛል፣ ስለ ልብሴ ይጠይቁኛል፣ «ይህ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ያለበት ዳቦ የማን ነው?» ይላሉ፣ የአንዱ ክፍል አባት የሌላውን ክፍል እናት ያስተዋውቀኛል። ከዚያ ቀን በኋላ በገበያ ስሄድ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ሰላም የሚለኝ ሰው ነበረኝ። ዳር ቆሜ ፎቶ እያነሣሁ ብውል ኖሮ ማን ያውቀኝ ነበር?

ከሰዓት በኋላ ቤት ተመለስን። ሰማዩ በዚያ ወር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው፤ ቀኑ አያልቅም። እማማ የብር ጌጧን ሳታወልቅ ተቀምጣ ስለ ልጅነቷ አወራችኝ። ጀርመን አገሯን የወረረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1940 ነው። በዓሉ ተከለከለ። እናቷ ባንዲራውን ከዱቄት ዕቃው ሥር ደብቃ አምስት ዓመት አቆየችው። ሜይ 8 ቀን 1945 ነጻ ወጡ፤ በዘጠነኛው ቀን ሜይ 17 ሆነ። እሷ ያን ዕለት ትንሽ ልጅ ሆና ተሰልፋለች። ባንዲራው ዱቄት ዱቄት ይሸት ነበር አለችኝ።

ከዚያ «እናንተስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ነገርኳት። እኛም አምስት ዓመት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፤ ቀኑ እንኳ አንድ ነው። በእነዚያ ዓመታት አርበኛው በየዱሩ ነበር፤ በጎጃም ምድር በላይ ዘለቀ ከዓባይ በረሃ ላይ ሆኖ ጠላትን ዕረፍት ነስቶታል። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው፣ ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። የእሷ ንጉሥ ሆኮን 7ኛም ተሰደው የገቡት እንግሊዝ አገር ነው፤ ቀኃሥም ያሉት እዚያው ነበር። በእኛ ሰኔ 1932፣ የኖርዌዩ ንጉሥ ሊሰነብቱ እንግሊዝ ሲደርሱ የእኛው ንጉሥ በዚያው ወር ወደ ሱዳን ለመነሣት ከዚያ ወጡ። እማማ ይህን ስትሰማ እጄን ያዘችው። ሁለት ድሃ የገበሬ አገር፣ አንዱ ከበረዶ አንዱ ከቆላ፣ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ነገር እንዳዩ እኔም ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ አስቤው አላውቅም። አያቴ አርበኛ እንደነበረ ነገርኳት። ስሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ደጋግማ አለችው።

ቀጥላም «ታዲያ ልጆቻችሁ ያን ቀን ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

እዚህ አዳራሽ የመጣሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። በእኛ አገር በሚያዝያ 27 የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይወጣሉ፣ ይሸለላል፣ ይፎከራል። ይህ ሁሉ ይገባል፤ አንዱም አይጉደል። አርበኞቹ ግን እያለፉ ነው። ልጆቻችን ዳር ቆመው ያያሉ፣ ብዙዎቹም ትምህርት ስለሌለ ደስ ብሏቸው ቤት ይውላሉ። ሲያድጉ ምን ያስታውሱ? ሰው የሚያስታውሰው እጁ የነካውን ነው፤ እማማ ከ1945 የያዘችው የዱቄቱን ሽታ ነው።

አርአያ ፍለጋ ግን ኖርዌይ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። እንጅባራ አለን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጡ አይታችኋል። በዓድዋ ዘመቻ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰቡ፣ ፈረሱን በጌጥ አሸብርቀው ይጋልባሉ። እዚያ የዓድዋ ታሪክ በንግግር ብቻ አይወርድም፤ ግልቢያው ራሱ፣ የፈረሱ አያያዝ፣ የኮርቻው አሠራር ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ወጣቱ የበዓሉ ተመልካች አይደለም፤ ልጓሙ በእጁ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ መዝመታቸውን ከመጽሐፍ የሚያነብ ልጅና በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ልጅ አንድ አይሆኑም።

እኔ የምመኘው ይህ ነው። በሚያዝያ 27 የደብረ ማርቆስ፣ የቢቸና፣ የሞጣ፣ የቡሬ፣ የዳንግላ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ያውጡ። እያንዳንዱ ክፍል የአካባቢውን አንድ አርበኛ ስም ጽፎ ይያዝ፤ ስሙን ለማግኘት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ወደ አያቶቻቸው ሄደው ይጠይቁ። ወላጆች ዳቦና ጠላ፣ በጾም ከዋለም ቆሎና ንፍሮ ይዘው ሜዳው ላይ ይጠብቋቸው። ባለሥልጣኑ ይቁም፣ ልጆቹ ይለፉ። ልጅ ወደ አደባባይ ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት ቀን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ያን ቀን እንዲሰጠን ከልቤ እጸልያለሁ። ስሞቹን ማሰባሰብ ግን ዛሬ ይቻላል፤ አያቶቹ ዛሬ በሕይወት አሉና።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ተጓዦቹ። በዓሉ ከመድረሱ በፊት አስተናጋጆቻችሁን «ምን ልሥራ?» በሏቸው። በዕለቱ ጠዋት አይሁን፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ተከፋፍሎ አልቋል። ክፍላችሁን ዘግታችሁ አትዋሉ። ልብሳችሁን ያዙ፤ ጥቁር አዝሙድም ያዙ። የራሳችሁን ታሪክ ከነቀኑ ከነስሙ እወቁ፤ «እናንተስ?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርምና ያን ጊዜ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቀኑ ለማን ደስታ፣ ለማን ሐዘን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ የምትሄዱ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓል ይገጥማችኋል። ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ ደስ የሚል ማዕድ ያለበት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ግን የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች በዚያው ዕለት ፕሊመዝ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የሐዘን ቀን ያደርጉታል። አውስትራሊያ የምትሄዱ ብሔራዊ በዓላቸውን ጃንዋሪ 26ን ታያላችሁ፤ የዚያ አገር ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑት የአቦርጂን ሕዝቦች ለብዙ ዓመታት አልቅሰውበታል። ማዕዱ ላይ አትቀመጡ አልልም። ተቀመጡ፣ አመስግኑ፣ ሥራም ተቀበሉ፤ አስተናጋጆቻችሁን ግን በፍቅር ጠይቋቸው። ቅን ቤተሰብ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም ሲያስብበት የኖረ ነገር ነው።

ወላጆች፣ እናንተም ሥራ አለባችሁ። ልጃችሁን ማን ቤት ያውልልኝ ይሆን ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። በዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከወላይታ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከአፋር የመጡ ልጆች አሉ። ባሕር ዳርም እንጅባራም እንዲሁ። መንገዱ ርቋቸው ወይም ገንዘቡ አጥሯቸው የትንሣኤን ቀን፣ የኢድን ቀን በማደሪያቸው የሚውሉ ናቸው። የእነሱም እናት ሌሊት ትጨነቃለች። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለው «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» የሚል አገር ልጆች ነን። ጥሯቸው። ስትጠሯቸውም በዋዜማው ጥሯቸው እንጂ ለምሳ ብቻ አይሁን። ሽንኩርቱን ይላጡ፣ ዶሮውን ይበልቱ፣ ቄጤማውን ይጎዝጉዙ፣ ቡናውን ይቁሉ። ክርስቲያን ያልሆነው ልጅ የሚበላውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለብቻው አሰናዱለት። በአገሩ ለበዓል የሚሠራ ነገር ካለም እናንተው ቤት ይሥራው፤ ልጆቻችሁ ይቅመሱለት።

እኔ ቤት ለመጪው ፋሲካ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ነው ቀጠሯችን። ከእናንተም ተማሪ ለመቀበል የምትፈልጉ ቤተሰቦች ካላችሁ ከዚህ ሳትበተኑ ስማችሁንና ስንት ልጅ እንደምትቀበሉ ንገሩኝ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን አብረን እንደለድላለን። አሁን ጥያቄ ልቀበል፤ ከእናቶች እንጀምር።